የፈዲሉ ሥራ

ኦቦ ተሬፋ ከቦዩ ውስጥ ጭቃ የጠጣ ኮባ በአካፋ ጫፍ አንጠልጥለው አወጡና ለተሰበሰበው ሰው ሁሉ አሳዩ።

«ይኸው! ተገኘ።»

ቅዳሜ ጠዋት ነው፤ አምቦ ውስጥ፣ በቀበሌው የጽዳት ዘመቻ ላይ። ቦዩ ተደፍኖ ስለነበር ሌሊቱን የዘነበው ዝናብ መንገዱን ሞልቶ ሰው ቤት ገብቷል። የጽዳት ኮሚቴው ሊቀ መንበር ኦቦ ተሬፋ፣ ስብሰባ ላይ «ጓድ» ካልተባሉ የማይሰሙት ሰውዬ፣ ቆሻሻ ሲያገኙ ዝም ብለው አያስጠርጉም። በሰው ፊት ዘርግተው ከማን ቤት እንደወጣ ይመረምራሉ። የሽንኩርት ልጣጭ ማንንም አያጋልጥም፤ ሽንኩርት የማይበላ የለም። ኮባ ግን ሌላ ነው። በዚያ ሰፈር በኮባ የተጠቀለለ ነገር የሚገባው ቅቤ ነጋዴዋ እትዬ መድና ቤትና፣ ከአገር ቤት ቆጮ የሚላክላቸው እነ ሹኩሪያ ቤት ብቻ ነው።

ሹኩሪያ ከክፍሏ ልጅ ከሮማነወርቅ ጎን ቆማ ኮባውን አየችው። የጣለችው እሷ ናት። ሐሙስ ወደ ትምህርት ቤት ስትሄድ ባልዲውን ቦዩ ውስጥ ገልብጣው ነበር። ከዚያ በፊትም እንዲሁ። መደንገጥ እንዳለባት ታውቃለች፤ ግን አልደነገጠችም። ሰሞኑን ምንም ነገር ውስጧ አይገባም።

ታላቅ ወንድሟ ፈዲሉ ለብሔራዊ ውትድርና ተወስዷል። ቆሻሻቸውን ጓሮ ጉድጓድ ውስጥ ደፍቶ የሚያቃጥለው እሱ ነበር። ከሄደ በኋላ ሥራው የማን እንደሆነ ማንም አላነሳም። እናቷ ባልዲውን በር ላይ ታስቀምጣለች፤ ሹኩሪያ ታነሳለች፤ ጓሮ ግን አትሄድም። ጉድጓዱ ጋ ከሄደች የፈዲሉን ሥራ ወሰደች ማለት ነው። የፈዲሉን ሥራ ከወሰደች ደግሞ ፈዲሉ የለም ማለት ነው።

«የእነ ፈዲሉ ቤት አይሆንም» አሉ ኦቦ ተሬፋ። «ያ ልጅ አንድ ቀን ቆሻሻ ደጅ ጥሎ አያውቅም። እንግዲህ አዴ መድና፣ ያንቺ ነው።»

«ወላሂ የኔ አይደለም! ቅቤ የምጠቀልልበትን ኮባ ምን ቆርጦኝ እጥላለሁ?»

«ታዲያ ኮባው በእግሩ መጣ? ጆንያ አምጡ!»

ቅጣቱን ሁሉም ያውቀዋል። ጥፋተኛው ቆሻሻውን በጆንያ ተሸክሞ፣ ገበያተኛ እያየው ዋናውን መንገድ ይጠርጋል። የሚያዩዋት ደግሞ እነዚያው ቅቤ የሚገዟት ሰዎች ናቸው። ቆሻሻ ተሸክማ ካዩዋት በኋላ ከእሷ እጅ ማን ቅቤ ይገዛል?

ሮማነወርቅ ሐሙስ ዕለት አብራት ነበረች። በክርኗ ጎሸም አደረገቻት። «አርፈሽ ቁሚ» አለች በሹክሹክታ። «ማን አየሽ? እኔ እንደሆንኩ ትንፍሽ አልልም።»

ሹኩሪያ ዓይኗን ከጆንያው አልነቀለችም። እትዬ መድና ፊቷ እንዳይታይ ሻሿን ወደ ግንባሯ ስባ ቆሻሻው የተሞላበትን ጆንያ ልታነሳ ስታጎነብስ አየች። ፈዲሉ የተወሰደ ሰሞን እናቷ እህል አልቀምስ ስትል፣ ማታ ማታ እየመጣች በእጇ ያጎረሰቻት እሷ ነበረች። ሹኩሪያ ይህን አስባም እንኳ ልቧ አልተነካም። እግሯ ግን ተንቀሳቀሰ።

«ኮባው የኛ ነው» አለች። «የጣልኩት እኔ ነኝ።»

«ዲሲ፣ ተይ አንቺ ልጅ!» አሉ ኦቦ ተሬፋ። «ለጎረቤት ብለሽ አትዋሺ። ቆሻሻችሁን የሚደፋው ፈዲሉ አይደለም እንዴ?»

ሰው ሁሉ ወደ እሷ ዞረ። ሹኩሪያ ወደ ኦቦ ተሬፋ አንድ እርምጃ ቀረበች።

«ፈዲሉ የለም።»

ይህን ከአፏ አውጥታ ስትናገረው የመጀመሪያዋ ነበር። አመማት። ዓይኗ እንባ ሞላ።

«አሁን የኔ ሥራ ነው» አለች።

ኦቦ ተሬፋ የልጁን መወሰድ ረስተውት ኖሮ፣ አካፋቸውን መሬት ላይ ተከሉ።

እትዬ መድና ጆንያውን አልሰጥም ብላ ያዘችው። «ተይኝ ልጄ፣ እናትሽ የደረሰባት ይበቃታል» አለች። ሹኩሪያ ጣቶቿን ቀስ ብላ አስለቀቀቻትና ጆንያውን ትከሻዋ ላይ አደረገችው። ጭቃ ውሃው በጀርባዋ ወረደ። የመጀመሪያዎቹ ገበያተኞች አህያ እየነዱ ብቅ ብለዋል።

«ከየት ልጀምር?» ስትል ኦቦ ተሬፋን ጠየቀቻቸው።