ተራ ቁጥር አርባ ሦስት

እፀገነት ሸሕዲ መናኸሪያ ከአውቶቡስ ስትወርድ ተናድዳ ነበር። የክፍሏ ልጆች ለክረምቱ የተግባር ልምምድ ጎንደርና ባሕር ዳር ባንክ ሲደርሳቸው፣ ለሷ በዕጣ የወጣላት ወደ ሱዳን ድንበር በሚወስደው መንገድ ዳር ያለ አንድ የሒሳብ ቢሮ ነው። ጊዜው ሐምሌ 2005 ዓ.ም. ነው፤ የቆላው ዋልካ ጫማ ይነጥቃል። ሦስት እርምጃ ሳትራመድ አንድ ጫማዋ ጭቃው ውስጥ ተሰንቅሮ ቀረ።

«ልቀቀኝ እንጂ!» ብላ ጭቃው ላይ ጮኸችበት።

ከኋላዋ ሰው ሳቀ።

«ምን ያስቅሃል?» አለች በአንድ እግሯ እንደቆመች ዞር ብላ።

«ጭቃ የሚቆጣ ሰው አይቼ አላውቅማ» አለ ወጣቱ። ጎንበስ ብሎ ጫማውን በሁለት እጁ መንግሎ አወጣውና በሱሪው ጠርጎ አቀበላት። «ከዩኒቨርሲቲ የምትመጣው አንቺ ነሽ አይደል? አለልኝ እባላለሁ። ተቀበላት ብለው ከቢሮ ነው የላኩኝ።»

አላመሰገነችውም። ሻንጣዋን ሲሸከምላት ግን ዝም አለችው፤ መንገድ ላይም ሁለት ጊዜ ሰርቃ አየችው።

ቢሮው የአቶ ቸሩ ነው። የሰሊጥ ባለሀብቶችን ሒሳብ የሚሠሩ፣ ከተማው የሚያከብራቸው ሰው ናቸው። አለልኝ ኮሌጅ ጨርሶ እሳቸው ዘንድ ከተቀጠረ ሦስት ዓመቱ ነው፤ በደመወዙ ሳንጃ ከተማ ያሉትን እናቱንና ሁለት ተማሪ እህቶቹን ይረዳል። እፀገነት ሒሳብ ልትማር መጥታ ሁለት ሳምንት ሙሉ ሻይ ስታመላልስና ወረቀት ኮፒ ስታደርግ ሰነበተች። ወደ ቤት በገባች ቁጥር ለአከራይዋ ለወይዘሮ መንበረ «ለዚህ ነው ሦስት ዓመት የተማርሁት?» እያለች ትንጨረጨር ነበር።

አንድ ሰኞ ግን አለልኝ ከመቀመጫው ተነሣ።

«ጋሽ ቸሩ፣ ልጅቱ እኮ ሒሳብ ልትማር እንጂ ሻይ ልትቀዳ አልመጣችም። እርሻ ይዣት ልሂድ።»

አለቃው ፊታቸውን አጨማደዱ፤ ግን ፈቀዱ። እፀገነት የዚያን ቀን አለልኝን ሰርቃ ሳይሆን ፊት ለፊት አየችው።

በትራክተር ተጎታች ላይ አራት ሰዓት ተንገጫግጨው አቶ አለምሰገድ ከሚባሉት ባለሀብት እርሻ ደረሱ። ሥራቸው ለሰሊጥ አረም የመጡትን የቀን ሠራተኞች መመዝገብ ነበር። እፀገነት ቆለኞቹ ራኩባ በሚሉት የሣር ዳስ ጥላ ሥር ተቀምጣ፣ ከጎጃም፣ ከወሎና ከደጋው ጎንደር የወረዱ ሰባ አንድ ሰዎችን አንድ በአንድ ጻፈች። አርባ ሦስተኛው አዱኛ የሚባል፣ ከጎጃም የመጣ ረጅም ጎልማሳ ነበር።

«ስሜን አሳምረሽ ጻፊውማ እቴ» አላት። «አባቴ ብዙ አስቦ ነው ያወጣልኝ።»

አሳምራ ጻፈችው።

ሲመለሱ ዝናብ መንገድ ላይ ያዛቸው። አለልኝ የነበረችውን አንዲት ላስቲክ አውጥቶ ፋይሉን ጠቀለለባት።

«እኔስ?» አለችው ውኃው በአፍንጫዋ እየወረደ።

«አንቺ ብትርሺ ትደርቂያለሽ። ወረቀቱ ከራሰ ሰዎቹ ጠፉ ማለት ነው።»

ተናደደች። ቆየት ብላ ስታስበው ግን የተናገረው ነገር ልቧ ውስጥ ገባ። ኮቱን አውልቆ ትከሻዋ ላይ ሲጥልላት እጁ አንገቷን ነካት። ሸሕዲ ገብተው ሊለያዩ ሲሉ «ነገም ይዘንብ ይሆን?» አላት።

«ቢዘንብ ምን አለበት» አለችው።

ሐምሌ እንዲያ እንዲያ እያለ አለቀ። ከሥራ ሲወጡ መናኸሪያው ፊት ለፊት ካለችው የሰዓዲያ ሻይ ቤት ይቀመጣሉ። አለልኝ ስለ እህቶቹ ያወራል፤ እፀገነት ወደፊት ስለምትከፍተው የራሷ ቢሮ። «እኔን ትቀጥሪኛለሽ?» ሲላት «ፈተናውን ካለፍህ» ትለዋለች። ሲስቁ ሰዓዲያ የሱዳን ሻይዋን እየቀዳች በነሱ ትስቃለች።

ነሐሴ በገባ በሳምንቱ አዱኛ ሠራተኛ ከጫነ የእርሻው ትራክተር ላይ ወደቀ። ከኋላ ይጎተት የነበረው የማረሻ ዲስክ ቀኝ እግሩን በላው። ጎንደር ሆስፒታል ወስደው ከጉልበቱ በታች ቆረጡለት።

በሦስተኛው ቀን አቶ አለምሰገድ ቢሮ መጡ። በር ዘግተው ብዙ ቆዩ። ሲወጡ አቶ ቸሩ እፀገነትን ጠሯት።

«ይቺን ዝርዝር እንደገና ጻፊያት። አርባ ሦስትን ዝለይውና ቀጥዪ። ሰውየው መንገድ ላይ የተሳፈረ መንገደኛ ነው።»

 ደሟ ፈላ።

«ጋሽ ቸሩ፣ የመዘገብሁት እኔ ነኝ። ስሙ ከወጣ እኮ ለእግሩ ካሣ የሚከፍለው የለም።»

«የልምምድሽን ውጤት የምሞላው እኔ መሆኔን ታውቂያለሽ አይደል?»

እስክሪብቶውን ጠረጴዛው ላይ ወረወረችው። «እርስዎ ይጻፉት። እኔ አልጽፍም» ብላ ወጣች።

በማግስቱ ጠዋት አዲሱ ዝርዝር ጠረጴዛው ላይ ነበር። ሰባ ሰው። አዱኛ የለም። ጽሑፉ የአለልኝ ነው። ያን ጽሑፍ ሐምሌን ሙሉ ስታየው ከርማለች፤ እየወደደችውም ነበር። አሁን ግን ወረቀቱን ገልብጣ ደፋችው።

ከቢሮው ጓሮ፣ ጄኔሬተሩ አጠገብ አገኘችው።

«አንተ ነህ?»

አለልኝ ፊቱን ወደ ጄኔሬተሩ አዞረ።

«አንተ ነህ ወይ ነው የምልህ!»

«ካልጻፍህ ውጣ አሉኝ» አለ መሬት መሬት እያየ። «እናቴን ምን ላብላት? እህቶቼን ከትምህርት ቤት ላስወጣቸው?»

«የአዱኛስ ልጆች? በአንድ እግሩ ያርስላቸው?»

«እኔ ባልጽፍ ሌላ ሰው ይጽፈው ነበር።»

«ሌላ ሰው ቢጽፈው ሌላውን ሰው እጠላ ነበር!» አለች። «ወረቀቱ ከራሰ ሰዎቹ ጠፉ ያልኸኝ አንተ አይደለህም? ከዝናብ ያዳንኸውን በእጅህ ገደልኸው!»

ሊይዛት እጁን ዘረጋ። እጁን ገፍትራ ሄደች።

ቀጥታ የሄደችው ወደ ወረዳው የሠራተኛ ጉዳይ ቢሮ ነው። የልምምድ ደብተሯን ይዛለች፤ ዩኒቨርሲቲው በየቀኑ የሠሩትን እንዲጽፉበት የሰጣቸውን። እርሻው ላይ የዋለችበት ቀን ገጽ ላይ የሰባ አንዱም ስም ተዘርዝሯል፤ ግርጌው ላይ አቶ ቸሩ ሳያነቡ የፈረሙት ፊርማ አለ። ኃላፊዋ ወይዘሮ ተናኘወርቅ ደብተሩን አገላብጠው አዩና «ይኼ ይረዳናል። ግን የአቶ ቸሩ ቢሮ ሠራተኛም መመስከር አለበት» አሉ።

አለልኝ ተጠራ። እፀገነት ከፊቱ ተቀምጣለች።

«አዱኛ የሚባል ሰው ሲመዘገብ ነበርህ?» ብለው ጠየቁት።

አለልኝ ጣቶቹን አፍተለተለ።

«አላስታውስም» አለ።

እፀገነት አልጮኸችም። ተነሥታ ወጣች። ወይዘሮ መንበረ ቤት ገብታ በሯን ዘግታ፣ ትራሱን በጡጫ እየመታች አለቀሰች። በሱ ብቻ አልነበረም የተናደደችው። እንዲህ ሆኖም ስለምትወደው በራሷ ተናደደች።

አቶ ቸሩ በውጤቷ ወረቀት ላይ «ሥነ ምግባር የጎደላት» ብለው ጻፉና ዝቅተኛውን ነጥብ ሰጧት። ከዚያ በኋላ የሚያቆያት ነገር አልነበረም። በሳምንቱ ጠዋት የጎንደሩን አውቶቡስ ተሳፈረች።

አውቶቡሱ ሊነሣ ሲል አለልኝ የልብስ ቦርሳ አንግቶ ገባና አጠገቧ ቆመ።

«ሥራውን ለቀቅሁ» አለ።

ወደ መስኮቱ ዞረች።

«እፀገነት፣ ትናንት ወረዳው ሄጄ ሁሉንም ተናገርሁ። ጽፌ ፈርሜያለሁ።»

«አላምንህም።»

«እውነቴን ነው።»

«ባለፈውም አላስታውስም ስትል እውነተኛ ትመስል ነበር።»

አውቶቡሱ ተንቀሳቀሰ። እሷ መስኮቱን፣ እሱ እሷን እያየ የከተማው መውጫ ኬላ ደረሱ። ኬላው ላይ ሲቆም እፀገነት ድንገት ብድግ አለች።

«ወራጅ አለ!»

«ወዴት ነሽ?» አለ አለልኝ።

«ጻፍሁ ያልኸውን በዓይኔ ላየው።»

ሻንጣዋን እንኳ ሳታስወርድ በጭቃው ወደ ኋላ ገሰገሰች። አለልኝ ሻንጣዋን ከጣራው አስወርዶ፣ የሷንም የራሱንም ተሸክሞ ከኋላ ተከተላት። ግማሽ ሰዓት ሙሉ አንድም ጊዜ ዞር ብላ አላየችውም።

ወይዘሮ ተናኘወርቅ ምንም ሳይጠይቁ ፋይሉን አወጡላት። ሁለት ገጽ ነው። «ስሙን ያወጣሁት እኔ ነኝ» ይላል። «አልጽፍም ብላ የወጣችም፣ መጻፌን ስታውቅ የተቆጣችኝም ሰው ነበረች፤ አልሰማኋትም። ስጠየቅም ዋሸሁ።» እፀገነት ገጹን ገለጠች። ከመስመሮቹ መሀል እናቱን ፈለገች። የእህቶቹን ትምህርት ቤት ፈለገች። የአቶ ቸሩን ማስፈራሪያ ራሱ አንድ መስመር ብቻ ሰጥቶታል። ለራሱ የጻፈው ማመካኛ የለም። ደግማ አነበበችው። የለም።

ስትወጣ አለልኝ ሁለቱን ሻንጣ እንደያዘ ዝናብ ላይ ቆሟል።

«አየሽው?»

«አየሁት።»

«አመንሽኝ?»

«አመንሁህ።»

«ይቅር አልሽኝ?»

«አላልሁህም!» አለች ጮክ ብላ፤ እንባዋ ከዝናቡ ጋር እየወረደ። «አንድ ሳምንት እኮ ነው ያ ሰውዬ ስም የለሽ ሆኖ አልጋ ላይ የተኛው! አንድ ሳምንት እኔ አንተን ስረግም የሰነበትሁት! ና ከዝናቡ ግባ፤ ትታመማለህ።»

የአዱኛ ጉዳይ ስምንት ወር ፈጀ፤ በመጨረሻ ተከፈለው፤ አገሩ ገብቶ ሱቅ ከፈተ። እፀገነት ልምምዱን በሚቀጥለው ክረምት እንደገና ወሰደች፤ ምረቃዋም ለዓመት ዘገየ። አለልኝን የሸሕዲ ነጋዴ ሁሉ ስለሸሸው አብደራፊ ከተማ ወርዶ የሰሊጥ መጋዘን ውስጥ መዛኝ ሆነ። ከደመወዙ ግማሹ ሳንጃ ለእናቱ ይሄዳል። በየወሩ እሷን ሊያይ ጎንደር ይወጣል፤ እሷ ትጣላዋለች፤ ሲመሽ አውቶቡስ ተራ ድረስ ትሸኘዋለች፤ ሲዘገይ ደግሞ ለምን ዘገየህ ብላ ትጣላዋለች።

በ2008 ጥር ላይ አለልኝ የላካቸው ሽማግሌዎች እቤቷ መጡ። አባቷ እንግዶቹን ሳሎን አስቀምጠው ወደ ጓዳ ገቡ።

«ልጄ፣ ይኼን ልጅ ትወጂዋለሽ?»

«እወደዋለሁ አባባ» አለች እፀገነት። «ግን ገና አልበረደልኝም።»

አባቷ ግራ ተጋብተው አዩዋት። «እና ምን ልበላቸው?»

«እሺ ይበሏቸው።»