ከቆርቆሮው ሥር

በዚያ ዓመት ዝናቡ ሰኔ ሳይጠባ ገባ፤ መስከረም ጠብቶም አልወጣም። ገብሱ እንደቆመ በሰበሰ። ጉሙ ከእንጦጦ እየወረደ ኮተቤ ላይ እስከ ቀትር ይተኛል። የነኢፍቱ ጥጃ በአሥራ ሁለት ቀኗ ሞተች። በዓመቱ ላሟ እንደገና ሴት ወለደች፤ ይቺንም በሳምንቷ ሳል ጀመራት።

«ብርዱ ነው» አለች የኢፍቱ እናት አባይነሽ፣ ጭድ የሞላ ጆንያ እያወረደች። «ቀዳዳ ካለ ድፈኚው።»

ቀዳዳ አልነበረም። የበረቱ የሣር ክዳን ወርዶ ቆርቆሮ ሲመታ፣ ኢፍቱ ገና የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ሳለች፣ በግድግዳውና በጣሪያው መካከል ያለውን ክፍተት ሁሉ በጭድ ጠቅጥቃ በጭቃ መርጋዋለች። ግድግዳውንም ከውስጥ ጭድ በሞላ ጆንያ አልብሳዋለች። ያየ ሁሉ አድንቋት ነበር።

ውጭ ዝናቡ አባርቷል። በረቱ ውስጥ ግን ከቆርቆሮው ጠብ ጠብ ይላል፤ የጥጃዋ ጀርባ ርሷል። ኢፍቱ እጇን ወደ ጆንያው ሰደደች። ጭዱ ሞቋል፣ ሻግቷል፤ ጣቶቿ ጠቁረው ወጡ። ላሟ በረጅሙ ተነፈሰች። ያ ሁሉ ትንፋሽ መውጫ አልነበረውም። ዓምናም ጠብታውን አይታ፣ ዝም ብላ ነበር።

ጎረቤታቸው አቶ ቀጀላ በር ላይ ቆሙ። የኢፍቱ አባት የሞተ ጊዜ ላሟን ያለ ዋጋ የሰጧቸው እሳቸው ናቸው። ውሉ አንድ ነበር፤ በሕይወት የምታድግ የመጀመሪያዋ ሴት ጥጃ የእሳቸው ትሆናለች። ስድስት ዓመት አለፈ፤ ከዓምናዋ በፊት የተወለዱት ወንዶች ብቻ ነበሩ።

«ይቺም ልትሄድ ነው?» አሉ። «በቃ አባይነሽ፣ ምሬሻለሁ። ከፈጣሪ ጋር አልሟገትም።»

አባይነሽ ጉልበታቸውን ልትስም ጎንበስ አለች።

«አባባ፣ ፈጣሪ አይደለም» አለች ኢፍቱ። «እኔ ነኝ።»

«አንቺ ልጅ!» አለች አባይነሽ።

ኢፍቱ እጇን ዘረጋች። አቶ ቀጀላ አሸተቱት።

«ሰባተኛ ክፍል ደርሰሽ ላም እንደምትተነፍስ አልነገሩሽም?»

«ዓምናም አይቻለሁ። አልተናገርኩም።»

ሽማግሌው ጥጃዋን ተመለከቱ። «እንግዲያስ ምሬሻለሁ ያልኩትን አንስቻለሁ» አሉ። «ጥጃዬን አድኚ።»

«ምን አፍሽን ከፈተው?» አለች አባይነሽ፣ እሳቸው ሲርቁ። ከዚያ በኋላ ሦስት ቀን አላናገረቻትም።

ኢፍቱ የመረገችውን ጭቃ በዶማ አፈረሰች። የጠቆረውን ጭድ ተሸክማ ጣለች። ከጣሪያው ሥር ያለውን ክፍተት ዙሪያውን ከፈተች፤ ነፋሱ ጥጃዋን እንዳይመታት ከታች ብቻ ከለለች። ከቆርቆሮው በታች ሰሌን አዘንብላ ወጠረች፤ ጠብታው እየተንሸራተተ በግድግዳው በኩል ወረደ። ወለሉ ላይ በየማለዳው ደረቅ አመድ ነሰነሰች። ጥጃዋን እስከ ኅዳር ሳሉ አልለቀቃትም። ጎድኗ ይቆጠር ነበር።

በየካቲት ጡት ጣለች። አቶ ቀጀላ መጥተው አልጠየቁም።

«አርጅተዋል፤ ረስተውት ይሆናል» አለች አባይነሽ፣ ኢፍቱን ሳታያት። «ሌላ የለንም እኮ።»

ኢፍቱ ቅዳሜ ጠዋት ጥጃዋን ፈታ ሽቅብ ነዳቻት። አቶ ቀጀላ አጥራቸው ሥር ፀሐይ ይሞቁ ነበር።

«አባባ፣ ጥጃዎ» አለች።

ሽማግሌው ጎድኗን ዳበሱ፣ ደረቷ ላይም ጆሯቸውን አስጠግተው አዳመጡ። ከዚያ ገመዱን ከኢፍቱ እጅ ተቀበሉ።