ከመልሱ ሥር የተጻፈው ማስታወሻ

«የትኛውን ልረም?» አለች የባዮሎጂ መምህርቷ፣ የፈተናውን ወረቀት ጠረጴዛው ላይ አዙራ ወደ ልጅቷ እያስጠጋች።

ልጅቷ ወረቀቱን ማየት አላስፈለጋትም። ሦስተኛው ገጽ ላይ፣ ከጥያቄ ቁጥር ሰባት መልስ ሥር፣ በራሷ እጅ ምን እንደተጻፈ ታውቃለች። ከትናንት በስቲያ፣ ፈተናው ሊያልቅ አራት ደቂቃ ሲቀረው፣ ፊደሎቹን ጉንዳን አሳክላ የጻፈችው ነው፦ «ከላይ ያለውን የጻፍኩት ለማርክ ብቻ ነው። እኔ ክርስቲያን ስለሆንኩ አላምንበትም።»

መምህርቷን ተማሪዎች «ሚዛን» ነው የሚሏት። በትምህርት ቤቱ ሩብ ነጥብ የምትሰጥና ሩብ ነጥብ የምትቀንስ እሷ ብቻ ናት። ልጅቷ ደግሞ «ጠበቃ» ትባላለች፤ ታርሞ የተመለሰላትን ወረቀት ሳትከራከርበት ወደ ቦርሳዋ ከትታ አታውቅም። ሁለቱ በዓመቱ ውስጥ ብዙ ጊዜ ስለተሟገቱ በደንብ ይተዋወቃሉ።

«ሁለቱንም አንብቤያለሁ» አለች መምህርቷ። «ላይኛው ‹አውቀዋለሁ› ይላል። ታችኛው ‹የምሬን አይደለም› ይላል። የምሩን ያልተናገረ ሰው እንዴት ይታረማል? አሥራ ሁለት ነጥብ ነው፤ ለቀልድ የሚሰጥ አይደለም።»

«ቲቸር፣ መልሱ ትክክል እስከሆነ ድረስ እኮ...»

«ጠበቃ፣ ዛሬ ክርክር የለም።»

ልጅቷ ቀና ብላ አየቻት። መምህርቷ ቅጽል ስሟን እንደምታውቅ እስከዚያች ደቂቃ ድረስ አልጠረጠረችም ነበር።

ጥያቄው የተራራ ቁራጭ የሚያሳይ ሥዕል ነበረው። የድንጋይ ንብርብሮቹን ከጥንታዊው ወደ አዲሱ በቅደም ተከተል አስቀምጡ፤ በውስጣቸው ያሉት ቅሪተ አካላት ሕይወት ያላቸው ነገሮች በረጅም ዘመን እንዴት እንደተለወጡ ምን ይነግሩናል? ይላል። ጥያቄው ከብዷት ቢሆን ኖሮ ነገሩ በቀለለ። ችግሩ ጥያቄውን መውደዷ ነበር። እስክሪብቶዋ ወረቀቱ ላይ ሲሮጥ ደስ ብሏት ነበር፤ ሥዕሉ ውስጥ የምትሄድ እስኪመስላት። ጨርሳ ቀና ስትል ነው የቤተ ክርስቲያኗ ሰንበት ክፍል ሰብሳቢ ትዝ ያላት። «ፍጥረት በረጅም ዘመን ተለወጠ ብሎ የጻፈ በሰው ፊት ካደ ማለት ነው» ብሏቸው ነበር። «ከፈተናው በኋላ በሚመጣው እሁድ እጠይቃችኋለሁ።»

«የምታምኚውን አልጠየቅኩሽም» አለች መምህርቷ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «ሥራዬም አይደለም። ድንጋዮቹ ምን ያሳያሉ ነው ያልኩት። ነገ ጠዋት ከመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ በፊት ነይ። ከሁለቱ አንዱን ሰርዘሽ ነይ። መልሱን ከሰረዝሽ ዜሮ ነው፤ ግን አከብርሻለሁ። ማስታወሻውን ከሰረዝሽ ያለውን አርማለሁ።»

«ወረቀቱን ቤት ልውሰደው?»

«ውሰጂው። ሌላ ነገር እንዳትነኪ ብዬ አላስጠነቅቅሽም፤ ስድብ ይሆንብሻል።»

ጓደኛዋ ከበሩ ውጭ ጆሮዋን አቁማ ትጠብቃት ነበር። ይህችን ልጅ ያለ ነገር «ራዳር» አላሏትም። ወሬ ገና ሳይወለድ ይደርሳታል። የዛሬውን ግን ከጠበቃ አፍ መስማት ነበረባት፤ ሰምታም ደረጃው መሃል ላይ ቀጥ ብላ ቆመች።

«አንቺ ልጅ ጤነኛ ነሽ? ሰው ሲኮርጅ ነው የሚያዘው! አንቺ ትክክለኛ መልስ ጽፈሽ ራስሽን ታስይዣለሽ?»

«ሙድ አትያዢብኝ።»

«አልያዝኩም። እሺ፣ ትንሽ ይዣለሁ።» ራዳር ክንዷን ያዘቻት። «ስሚኝ፣ ቀላል እኮ ነው። ማስታወሻውን ሰርዢ፣ አሥራ ሁለቷን ላፍ አድርጊ፣ ማታ ንስሐ ግቢ። ፈጣሪ እንደ ሚዛን ሩብ ነጥብ አይቆጥርም።»

«እሷ ላይ ዜሮ ካገኘሁ የሚቀጥለው ዓመት ሳይንስ ክፍል አልገባም። ይሄን ሳትነግሪኝም አውቀዋለሁ።»

«ታዲያ?»

«ታዲያማ... ብሰርዘው መካድ ነው የሚመስለኝ።»

ራዳር ክንዷን ለቀቀቻት። ከዚያ «ፋዘርሽስ?» አለች። «እሁድ እሁድ ቤተ ክርስቲያን ቆሞ መጽሐፍ የሚያነበው እሱ አይደል? ካወቀ ጉድ ፈላ በይ።»

ከትምህርት ቤት እስከ ቤት ሃያ አንድ ደቂቃ ነው። በመንገዱ ሁለት ጊዜ ቆማ እስክሪብቶ አወጣች፤ ሁለቱንም ጊዜ መለሰችው። መልሱን ልትሰርዝ ስትል ያየችውን ነገር አላየሁም ማለት ሆነባት። ማስታወሻውን ልትሰርዝ ስትል ደግሞ የሆነ ቦታ ዶሮ የሚጮህ መሰላት።

አባቷ የውሃ ጉድጓድ ቆፋሪ ነው። ከሦስት ሳምንት የመስክ ሥራ የተመለሰው ትናንት ሲሆን፣ በረንዳው ላይ ረጅሙን ጠረጴዛ ዘርግቶ ናሙናዎቹን እየደረደረ ነበር። ማሽኑ አንድ ሜትር በወረደ ቁጥር ከጉድጓዱ የሚወጣው የተፈጨ ድንጋይ እፍኝ እፍኝ እየሆነ በትንንሽ ፕላስቲክ ይታሰራል፤ በላዩ ላይ ጥልቀቱ ይጻፋል። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እያለ እስከ መቶ አርባ። አባቷ እያንዳንዱን ፈትቶ፣ አጥቦ፣ አንገቱ ላይ በገመድ ባንጠለጠላት አጉሊ መነጽር አይቶ ወደ መዝገቡ ያሰፍራል። ካላየው ነገር አንዲት ቃል አይጽፍም።

«ምነው እማ» አለ ቀና ሳይል። «ፊትሽ ደረቅ ጉድጓድ መስሏል።»

ወረቀቱን ልታሳየው አላሰበችም ነበር። ግን እጇ ቦርሳዋ ውስጥ ገብቶ ወረቀቱን ይዞ ወጣ።

አባቷ እጁን ሁለት ጊዜ ጠረገ። የንባብ መነጽሩን አደረገ። እንደ እሁዱ ንባብ ቀስ ብሎ፣ ከንፈሩን እያነቃነቀ ማንበብ ጀመረ። እሷ ፕላስቲኮቹን ትቆጥር ጀመር። ሠላሳ አንድ ላይ ስትደርስ ጣቱን ገጹ ላይ አሳረፈ።

«ይሄ ስህተት ነው።»

«አውቃለሁ አባዬ። ለማርክ ብዬ ነው የጻፍኩት፤ የምሬን...»

«ለማርክም ቢሆን ስህተት ነው። ሥዕሉ ላይ ይቺን ጥቁር ድንጋይ አየሻት?»

«እ?»

«ከታች ስላለች ጥንታዊ ናት ብለሽ አንደኛ አደረግሻት። እስቲ ደህና አድርገሽ እያት። እነዚህን ሁለቱን ንብርብሮች ሰንጥቃ ነው የወጣችው። ቢላ ዳቦ የሚቆርጠው ዳቦው ሳይጋገር ነው ከተጋገረ በኋላ?»

«ከተጋገረ በኋላ።»

«እንግዲያው ይቺ ከሁለቱም በኋላ የመጣች ናት። ቀልጣ ከሥር የወጣች።» ቧንቧ አጣሞ የገጠመ ረዳቱን እንደሚያይ እያያት ራሱን ነቀነቀ። «የቆፋሪ ልጅ ሆነሽ!»

መሳቅና ማልቀስ አንድ ላይ መጣባት። «አባዬ፣ አንተ የምትቆጣው በዚህ ነው?»

«በምን ልቆጣ ኖሯል?»

«ከሥር ያለውን አላነበብከውም?»

«አንብቤዋለሁ። በየተራ ነው። አሁን እሱ ጋ ደረስን።» መነጽሩን አውልቆ የተደፋ ባልዲ ላይ ተቀመጠ። «ይሄን ማስታወሻ ለማን ነው የጻፍሽው?»

«ለእግዚአብሔር።»

«ልብ የሚመረምር አምላክ የባዮሎጂ ፈተና እስኪደርሰው ይጠብቃል?»

የቦርሳዋን ማንገቻ ጠመዘዘች።

«ለመምህርቷ ነው?»

«አይደለም።» ወለሉን አየች። «ለአንተ ነው። ድንገት ካየኸው ብዬ።»

አባቷ ከፊቱ ያለውን አንድ ፕላስቲክ አንስቶ ያለ ምክንያት አገላበጠ።

«ሥራ በጀመርኩ በዓመቱ ነው» አለ በመጨረሻ። «ባሕር ከማይታሰብበት ቦታ ስንቆፍር፣ ዘጠና አራት ሜትር ላይ የባሕር ቀንድ አውጣ ቅርፊት ወጣ። ድንጋይ ሆኗል፤ ግን መስመሩ እንኳ አልጠፋም። ኪሴ ከተትኩት። ከዚያ ሦስት እሁድ ቤተ ክርስቲያን አልሄድኩም።»

«ለምን?»

«ፈራኋ! እግዚአብሔር በኪሴ ጨርቅ አሳልፎ የሚያይብኝ መሰለኝ።»

«አትጥለውም ነበር?»

«ብጥለውስ? አይቼው የለም እንዴ?» ሳቅ አለ። «በአራተኛው እሁድ ሰለቸኝና ሄድኩ፤ ቅርፊቱን እንደያዝኩ። ጸለይኩ። ጸሎቱም ጸሎት ሆነ፣ ቅርፊቱም ቅርፊት። እስከ ዛሬም እንደዚያው ናቸው። ድንጋዩን የሠራው እሱ ነው ብዬ ካመንኩ፣ ድንጋዩ በሐሰት ይመሰክርበታል ብዬ ምን አስፈራኝ?»

«ስድስቱ ቀናትስ ታዲያ?»

አባቷ መዝገቡን ወደ እሷ ገፋ አደረገ። በሰባ አንድና በሰባ ስድስት ሜትር መካከል ባለው ቦታ ላይ ሁለት ቃላት ብቻ ተጽፈዋል፦ «ናሙና አልወጣም።»

«እዚህ ጋ ውሃው ስንጥቅ አገኘና ይዞት ጠፋ። ከላይ ያለውን አይቻለሁ፤ ከታች ያለውንም አይቻለሁ። መሃሉን አላየሁም። ከጎረቤት ጉድጓድ ገልብጬ ብሞላው ማንም አያውቅብኝም፤ ውሸት ግን ነው። አንቺ የጠየቅሽኝም እንደዚያ ነው። ማን እንደፈጠረ አምናለሁ። ዘመኑ ረጅም እንደሆነ በእጄ ዳስሻለሁ። ሁለቱ እንዴት እንደሚገጥሙ ግን ሁሉን አላውቅም። ከእኔ ይበልጥ የሚያውቁ አሉ፤ አንብቢ፣ ጠይቂ። ባልወጣ ናሙና ግን አትማዪ።»

ልጅቷ መዝገቡን አየች። ከዚያ አንድ ነገር ለመጀመሪያ ጊዜ ልትጠይቀው አሰበች። «ማሽኑን ከማስነሳትህ በፊት ትጸልያለህ አይደል? ምን ብለህ ነው?»

«ውሃ ከሌለ ‹የለም› ለማለት ድፍረት ስጠኝ ብዬ።»

ከውስጧ ረጅም ትንፋሽ ወጣ። ለሁለት ቀን አፍና የያዘችው መሆኑን ያወቀችው ሲወጣ ነው። እስክሪብቶዋን አወጣችና ጥቁሯ ድንጋይ ላይ ዓይኗ ቀረ። ቁጥሮቹን አስተካክሎ መጻፍ ግማሽ ደቂቃ አይፈጅም።

«እሷ ትቆይ» አለ አባቷ፣ ወደ ፕላስቲኮቹ ተመልሶ። «የዚያን ቀን ያየሽው እሱ ነው።»

ማግስቱን ጠዋት መምህርቷ ወረቀቱን ገለጠች። ማስታወሻው ላይ አንድ ቀጥ ያለ መስመር ተሰምሯል። ሌላ ምንም አልተነካም። ቀይ እስክሪብቶ አንስታ ማረም ጀመረች፤ ጥቁሩ ድንጋይ ላይ ስትደርስ ቆመች።

«ይቺ...»

«ከሁለቱም በኋላ ነው የመጣችው ቲቸር። ሰንጥቃ ስለወጣች።»

«መቼ አወቅሽ?»

«ትናንት ማታ።»

መምህርቷ ያልተነካውን ቁጥር አየች። ከዚያ ልጅቷን አየች። ሩብ ነጥብ እንኳ አልጨመረችላትም፤ «8½» ብላ ጻፈች። «ክርክር አለሽ?»

«የለኝም።»

ራዳር በር ላይ ቁጥሩን ስትሰማ እጇን ግንባሯ ላይ ጫነች። «ስምንት ተኩል ተሰጥቶሽ ዝም አልሽ? አመመሽ እንዴ?»

«ለሳይንስ ክፍል ይበቃኛል» አለች ጠበቃ፤ ሁለቱም እየተጋፉ ወደ ክፍል ሮጡ።

እሁድ፣ የሰንበት ክፍሉ ሰብሳቢ የሳምንቱን ጥቅስ ሰሌዳው ላይ ጽፎ ዞረ። ሃያ ዓመት ያልሞላው፣ ሰዓት ጥገና የሚሠራ ቀጭን ልጅ ነው። «ያንን ጥያቄ አልመልስም ያለ ማን ነው?» አለ።

ሦስት እጆች ወጡ። ሌሎቹ ጫማቸውን ያዩ ጀመር። ጠበቃን ማንም ሌላ ነገር አልጠየቃትም፤ ዝም ብትል ያልፍ ነበር። እጇን አወጣች።

«አንቺም አልመለስሽም?» አለ ሰብሳቢው ፈገግ ብሎ።

«እኔ መልሻለሁ። የጻፍኩትም የምሬን ነው።» ድምፅዋ ከጠበቀችው በላይ ጸጥ ያለ ነበር። «ወደዚህም የመጣሁት የምሬን ነው። ከአሥራ ሁለት ስምንት ተኩል አገኘሁ፤ አንድ ቦታ ተሳስቼ።»

ከኋላ አንድ ልጅ ሳቁን አፈነ። ሰብሳቢው ፈገግታው ጠፋ። «ስለዚህ ጉዳይ ቁጭ ብለን እንነጋገራለን» አለ። ጠመኔውን በጣቶቹ መሃል አሽከረከረ፤ መጽሐፉን ከፈተ፤ መልሶ ዘጋው። የሰዓት ጠጋኝነት አመሉ አላስችል አለው።

«የቱ ጋ ነው የተሳሳትሽው?»

ተነሥታ ወደ ሰሌዳው ሄደች፤ ጠመኔውንም ከእጁ ተቀበለች።

«ጥቅሱን እንዳታጠፊው።»

«አላጠፋውም» አለች። «ከሥሩ ቦታ አለ።» የመጀመሪያውን ንብርብር መስመር ታሰምር ጀመር።