ያላነበበችው ፈቃድ

መነን ገብረዋህድ ፊደል የሚያስቆጥረውን የስልክ መተግበሪያ የሠራችው ለአንድ ሰው ነበር፤ ለእናቷ። ወይዘሮ ማሚት በሃምሳ አራት ዓመታቸው ቂርቆስ የጎልማሶች ትምህርት ሲገቡ፣ ቃሉን በድምፅ የሚያነብላቸው መተግበሪያ ሠርታ ሰጠቻቸው። ሌላውም ይጠቀምበት ብላ ኮዱን ኢንተርኔት ላይ ለቀቀችው። ገጹ በየትኛው ፈቃድ፣ ማለትም በየትኛው የአጠቃቀም ውል፣ እንደምትለቀው ሲጠይቃት፣ ሳታነብ ከፊቷ ያገኘችውን ነካች።

ከወራት በኋላ ኢያቄም መሓሪ የሚባል የማታውቀው ሰው ጭማሪ ላከላት። ድምፁ ለጀማሪ ስለሚፈጥን ቀስ እንዲል አድርጎት ነበር።

«ይሄስ ትዕግሥት ያለው ልጅ ነው» አሉ ወይዘሮ ማሚት ሲሞክሩት።

ኋላ አንድ ድርጅት መጣ። መተግበሪያውን እንግዛሽ፣ የሚሠሩበትንም ልጆች አንቺ ምሪያቸው አላት። የሚፈልገው ግን ኮዱ ተዘግቶ የሚማረው ሰው እንዲከፍል ነው። ለዚያ ደግሞ የኢያቄም ፊርማ ያስፈልጋል፤ ሥራው ውስጥ የእሱም እጅ አለበትና።

ከካዛንቺስ ፈረሳ በተረፈ አንድ ጁስ ቤት ተቀጣጠሩ። ሲያዳምጥ ዓይኑን ከሰው ላይ የማይነቅል ልጅ ነበር። መነን ያዘጋጀችው ንግግር ጠፋባት።

«ፈቃዱን አንብበሽዋል?» አላት።

«ማለቴ... በቃ፣ ሁሉም እንደሚያደርገው...»

ሳቀ። «እኔን እኮ ያመጣኝ እሱ ነው። ወስደህ ብትዘጋውም ግድ የለም የሚሉ ፈቃዶች አሉ። ያንቺ ግን፣ ቀይረህ ለሌላ ከሰጠህ፣ አንተም እንደተሰጠህ ክፍት አድርገህ ስጥ ይላል። ይቺ ልጅ ልበ ሰፊ ናት ብዬ ነበር።»

ነገሩ ወጋት። «ስለዚህ ሥራዬን ይዘህብኝ ልትቀር ነው?»

መልሱን ሳትጠብቅ ቦርሳዋን አንሥታ ወጣች።

በሦስተኛው ቀን ቤቷ ድረስ መጣ። በእጁ የፈረመበት ወረቀት ነበር።

«ምንድን ነው ልጄ?» አሉ ወይዘሮ ማሚት።

«የስምምነት ወረቀት ነው እትዬ። የእኔንም ድርሻ እንድትዘጋው ፈቅጃለሁ።»

መነጽራቸውን አደረጉና በጣታቸው እየተከተሉ አነበቡ። ሩብ ሰዓት ፈጀ። ማንም አላጣደፋቸውም።

«አብራኝ የምትማረው ኩልሱምም ልትከፍል ነው ማለት ነው?»

«አዎ እማዬ።»

«ያን የፊተኛውን፣ የመረጥሽውንስ አንብበሽው ነበር?»

መነን አንገቷን ደፋች።

«እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ባላነበብኩት ወረቀት ላይ አሻራዬን ሳትም ኖሬያለሁ። ማንበብ ስለማልችል ነበር። አንቺ ምን ቸገረሽ?»

የዚያን ቀን መነንና ኢያቄም ጎን ለጎን ተቀምጠው ፈቃዱን ከላይ እስከ ታች አነበቡት። ሲጨርሱ መነን የስምምነቱን ወረቀት አጥፋ መለሰችለት።

«አልዘጋውም። ፈቃዱን የመረጥኩት ገና ዛሬ ነው።»

«ሥራውስ?»

«ይቅርብኝ። ቆይ፣ አንተ ሳታምንበት ለምን ፈረምክ?»

ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይኑን ከእሷ ላይ አነሣ። «ተከፍተሽ ስትሄጂ ማየት አልቻልኩም።»

ወይዘሮ ማሚት ውሃ ላምጣ ብለው ወደ ጓዳ ገቡ። ውሃው ብዙ ቆየ።

በዓመቱ ጋብቻቸውን ሊያስመዘግቡ ወረዳው ቢሮ ሲቆሙ፣ ጸሐፊዋ ምስክር ሆነው ለቀረቡት ለወይዘሮ ማሚት የቀለሙን ሳጥን ገፋ አደረገችላቸው።

«እማማ፣ አውራ ጣትዎን እዚህ ጋ።»

«ቆይ የኔ ልጅ፣ መጀመሪያ ላንብበው።»

«ኧረ ማዘር፣ ልንውል ነው እንዴ?» አለ ከኋላ አንድ ጎረምሳ።

«ዋል!» አሉት ዞር ሳይሉ። «መነን... ገብረዋህድ። ኢያቄም... መሓሪ።» ድምፃቸው ቢሮውን ሞላው። ኢያቄም እንደ ልማዱ አላጣደፋቸውም፤ የመነንን እጅ ብቻ ጠበቅ አደረገ።

የመጨረሻው መስመር ላይ ሲደርሱ ወይዘሮ ማሚት የቀለሙን ሳጥን ወደ ጸሐፊዋ መለሱት። ከዚያ እስክሪብቶ ተቀብለው፣ ከሁለቱ ስሞች ሥር የራሳቸውን ስም በእጃቸው ጻፉ።