አሥራ አንድ የሻይ ብርጭቆ

«ተነድፎ ነው የሞተው፤ ያለቀ ነገር ነው» አለ ሳጅን ጂብሪል፣ ገና ከመኪናው ስትወርድ።

ኢንስፔክተር ሽታዬ አልፋው ወደ ግቢው ገባች። «ያለቀ ነገር» የሚል ፖሊስ ስትሰማ ደሟ ይፈላል። አዳማ ውስጥ ከአስፋልቱ ገባ ባለው ግቢ፣ ጊንጥ የሚረባበት ክፍል ወለል ላይ የእርባታው ባለቤት ዶክተር ጋሮምሳ በጀርባው ተዘርግቷል። ከጭንቅላቱ ሥር የፈሰሰው ደም እስከ በሩ ደርሷል። ቀኝ እጁ ላይ የተገኘችውን ቢጫ ጊንጥ ፖሊሶቹ ባልዲ ውስጥ ከተዋታል።

ከአጥሩ ውጭ ሰፈርተኛው ይጮኻል። «ዛሬ እሱን፣ ነገ ልጆቻችንን! አቃጥሉልን!» አንዱማ ጀሪካን ሙሉ ነጭ ጋዝ ተሸክሞ መጥቷል። ሦስት ዓመት ሙሉ አጥር ላይ እየተንጠላጠለ ጊንጥ ሲያይ የኖረ ሰፈር ዛሬ ገና መፍራቱ ነው!

«ነደፈችው፣ ደንግጦ ወደ ኋላ ወደቀ፣ የሲሚንቶው ጠርዝ መታው» አለ ጂብሪል። «ሁሉንም ያቃጥሏቸውና እንገላገል።»

«እጁን አይተኸዋል?»

«የተነደፈበት ነጥብ አለ።»

«አብጧል?»

ጂብሪል ጎንበስ ብሎ አየ። «አላበጠም።»

«አንተን ጊንጥ ነድፎህ ያውቃል?»

«መተሃራ ሳለሁ አንዴ። እጄ ወዲያው ነው ዳቦ ያከለው።»

«ይሄ ሁሉ ደም የፈሰሰው ሰውዬ ልቡ ለረጅም ጊዜ ሲመታ ነበር። ታዲያ እጁ ለምን አላበጠም? እስቲ አንዴ ዝም በልና አስብ!»

ሬሳው ሲነሣ ከጀርባው ሥር የተሰባበሩ የእርጎ ኩባያዎች ተገኙ። ሽታዬ ቀና ብላ መደርደሪያውን ቆጠረች። አርባ የጊንጥ ልጆች አሉ፤ ከጥፍር አይበልጡም፤ እያንዳንዳቸው ለብቻ ተቀምጠዋል። ሃያ ዘጠኙ በእርጎ ኩባያ፣ አሥራ አንዱ ግን በሻይ ብርጭቆ ናቸው። በየዕቃው ውስጥ ውሃ የሚጠጡበት ጥጥ አለ። የኩባያዎቹ ጥጥ በአዳማ ሙቀት ክው ብሎ ደርቋል። የብርጭቆዎቹ ግን ሲነካ ውሃ ያንጠባጥባል።

መጀመሪያ ያነጋገረችው ሽማግሌውን ጥበቃ ነበር።

«ጋሽ ማናሴ፣ ዛሬ ማን ገባ፣ ማን ወጣ?»

«ቢኒያም የሚባለው የዱከሙ ነጋዴ ከዶክተሩ ጋር በረንዳ ላይ ተቀምጦ ነበር። ስድስት ሰዓት ላይ ወጣ። እኔም ወደ ምሳዬ ሄድኩ። ስምንት ሰዓት ስመለስ ከደጅ ሆኜ ሳይ ሞቶ አገኘሁት።»

«በሩን ቆልፈው ነበር?»

«ጊንጥ ያለበት ቤት ማን ይገባል ብዬ፣ ልጄ?»

«እነዚህ ትንንሾቹ ቢደፉብዎትስ?»

«ያ ዋቃ፣ አምላኬ! እሮጣለኋ! ደጁን ጠበቅሁ እንጂ እግሬ ያንን ክፍል ረግጦ አያውቅም።»

ቢኒያም ሸሚዙን እያራገበ ቀረበ። ቸኩሏል።

«የጊንጥ ልጆቹን ልረከብ ነበር ተመልሼ የመጣሁት። አድርቀን፣ በፕላስቲክ ውስጥ አሽገን የቁልፍ መያዣ እንሠራቸዋለን። ዶክተሩ ተስማምቷል።»

«ቢደፉብህ ምን ታደርጋለህ?»

«ጠርጌ አንድ ባልዲ ውስጥ ነዋ! ምን ሌላ አለ?»

ሦስተኛዋ ጊንጦቹን የምታሳድገው ገላኔ ነበረች። ፌንጣ የሞላ ጠርሙስ እንደታቀፈች ነው።

«ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ጥጣቸውን አርሼ ወጣሁ። ለምግባቸው ፌንጣ ስለቅም ውዬ ጩኸት ስሰማ ነው የመጣሁት።»

«ለምን ለየብቻ አስቀመጥሻቸው?»

«ይበላላሉ እኮ! ከእናታቸው ጀርባ ከወረዱ በኋላ ወንድም እህት አያውቁም። አንድ ዕቃ ውስጥ ቢከቷቸው ሲመሽ ግማሾቹን አያገኟቸውም።»

«አንድም አልሞተብሽም?»

የገላኔ ፊት በራ። «አንድም! በሰው እጅ ተወልዶ ለሁለተኛ ጊዜ ቆዳውን የቀየረ አልነበረንም፤ የመጀመሪያዎቹ እነዚህ ናቸው። ሲያድጉ ከመርዛቸው መድኃኒት ይሠራል። ታናሽ እህቴ ቦንቱ ደራ ላይ ስታጭድ ተነድፋ መድኃኒት ጠፍቶ ነው የሞተችው።»

ሽታዬ ሦስቱንም በረንዳው ላይ አቆመቻቸው። የግቢውንም በር አስከፈተች። ሰፈርተኛው ግር ብሎ ገባ።

«እሺ!» አለች ጮክ ብላ። «ሰውዬውን የገደለው ጊንጥ ነው ካላችሁ፣ ጋዙን አምጡ። አቃጥሉ!»

ባለጀሪካኑ ወደፊት ሲል ገላኔ ጠርሙሱን ጥላ የጊንጦቹ ክፍል በር ላይ ተገተረች። «አትነኳቸውም! ምን አደረጓችሁ?»

«ሰው ገድለዋል ተባለ እኮ» አለች ሽታዬ። «ወይስ አልገደሉም?»

ሽታዬ ወደ ሰዉ ዞረች።

«ያልሞተ ሰው ሲነደፍ ያብጣል። ይሄ አላበጠም፤ ጊንጧ እሱ ከሞተ በኋላ ነው እጁ ላይ የተደረገችው። ከሬሳው ሥር የተሰባበሩ ኩባያዎች ነበሩ። ስለዚህ እሱ ከመውደቁ በፊት አሥራ አንዱ ልጆች ተደፍተዋል። ማን ሰበሰባቸው? ጋሽ ማናሴ ይሮጣሉ። ቢኒያም ባልዲ ውስጥ ይከታል። ይሄኛው ሰው ግን ሬሳ አጠገብ ተንበርክኮ አንድ በአንድ ለቀመ፤ ብርጭቆ ፈልጎ አምጥቶ ለየብቻ አስቀመጠ፤ ጥጥ አርሶ አጠጣ። በዚህ ሙቀት ጠዋት የረሰረሰ ጥጥ እስከ አሁን አይቆይም። የብርጭቆው እርጥብ ነው። ገላኔ፣ ሞቱን በእነሱ ላይ ያላከክሽው አንቺ ነሽ። አሁን ምረጪ፤ ይቃጠሉ ወይስ ትናገሪያለሽ?»

ገላኔ ጀሪካኑን አየች። ከዚያ በሰዉ ሁሉ ላይ ጮኸች።

«ገፈተርኩት! አዎ፣ እኔ ነኝ! ለቁልፍ መያዣ ሊሰጣቸው! ሦስት ዓመት ለፍቼ ያገኘኋቸውን፣ በብሩሽ ጫፍ እያነሣሁ ያሳደግኋቸውን! ‹ጊንጥ ጠፍቶ ነው? ሌላ ትለቅሚያለሽ› ብሎኝ መደርደሪያውን ጎተተ፤ ተደፉ፤ ገፈተርኩት። እንዲሞት አልነበረም። እናንተም ነገ ልጃችሁ ሲነደፍ የት ልትሄዱ ነው? ጋዝ ይዛችሁ የመጣችሁት!»

ባለጀሪካኑ ዕቃውን መሬት ላይ አስቀመጠ።

ሽታዬ ግን ንዴቷ ባሰባት። «ታዲያ ምነው አልከሰስሽም? ጣቢያ መጥተሽ ምነው አልጮኽሽም? ሕግ የለም?»

«መጥቻለሁ» አለች ገላኔ እጆቿን ለካቴናው እየዘረጋች። «ባለፈው ማክሰኞ መጣሁ፣ ሐሙስም መጣሁ። ‹ለጊንጥ ክስ አይከፈትም› ብላችሁ ሳቃችሁብኝ። እርስዎም ነበሩ።»

ሽታዬ ትዝ አላት። ከሁሉም አብልጣ የሳቀችው እሷ ነበረች።