ዶሮዋ ያልደረሰችበት ጉድጓድ

ኢንስፔክተር ምሕረት ከሚዛን ተፈሪ በባጃጅ ስትደርስ የጥበቡ አስከሬን ከማብላያው ጉድጓድ ወጥቶ በኮባ ቅጠል ላይ ተጋድሞ ነበር። በሸዋ ቤንች መንገድ ዳር ያለው ይህ ትንሽ ፋብሪካ የቡና ገለፈት በጉድጓድ እያብላላ የማብሰያ ጋዝ ያወጣል። ጥበቡ ጉድጓዱን ሊያጸዳ ገብቶ እዚያው ቀረ። ባልንጀራውን ባስልኤልን ጥበቃዎች እጁን አስረውታል።

«ሁለቱ ለአንድ ቋሚ ቅጥር ይፎካከሩ ነበር» አለ ሥራ አስኪያጁ ካሣዬ። «ዶሮዋን ያወረደው እሱ ነው። ሌላ ምን ይፈልጋሉ?»

«ዶሮ?»

«ጉድጓዱ መርዝ ይይዛል። መጀመሪያ ዶሮ በቅርጫት እናወርዳለን። በሕይወት ከወጣች ሰው ይገባል።»

«መለኪያ መሣሪያ የላችሁም?»

«ጠይቀናል።»

ምሕረት ወደ ባስልኤል ዞረች። «ዶሮዋ ሞታ ነበር?»

«ኧረ ደህና ወጣች! ጥበቡም አይቷታል። ‹ለቅጥሩ ካንተ እሷ ትሻላለች› ብሎ ሳቀብኝ።»

«ገመዱን እስከ ምን ለቀቅኸው?»

«እስከ መጨረሻው። ጫፉ ጉድጓዱ አፍ ላይ ካለው ብረት ታስሯል።»

ምሕረት ቅርጫቱን አነሣች። ታቹ ደረቅ ነው። ውስጡ የተጎዘጎዘውን ሣር ገለጠች፤ አየችና መልሳ ሸፈነችው።

«ይህ የት ያድራል?»

«ወይዘሮ ማናልሞሽ ቤት» አለ ካሣዬ። «ዶሮዎቹ የእሳቸው ናቸው። የጥበቡ እናት።»

ከፋብሪካው ጀርባ ያለውን የማናልሞሽን ግቢ ብቻዋን አይታ ተመለሰች፤ አረማመዷ ከብዷል። ሁሉንም ጉድጓዱ አፍ ላይ ሰበሰበች፤ ማናልሞሽ ከአስከሬኑ አጠገብ ተቀምጠዋል።

«መርዙ ከአየር ስለሚከብድ ታች ይተኛል። ታች ደግሞ ጭቃ ነው። ቅርጫቱ ግን ጭቃ አልነካውም፤ ዶሮዋ መርዙ ዘንድ አልደረሰችም ማለት ነው። ባስልኤል ገመዱን ጨርሶ ለቋል። ገመዱን ያሳጠረው እጥፍ ግን ከዶሮዋ ሥር፣ ከሣሩ ውስጥ በጥቁር ጨርቅ ታስሯል። እሱ ደብቆት ቢሆን እኔ እስክመጣ ፈትቶ ይጥለው ነበር። ያ ጨርቅ…»

«ማናልሞሽ የዶሮዎቹን እግር የሚያስሩበት ነው» አለ ካሣዬ ሳያስበው።

ባስልኤል ገባው። «ይበቃል፣ ኢንስፔክተር! ያሰርኩት እኔ ነኝ።»

«ዝም በል፣ ልጄ» አሉ ማናልሞሽ ከአስከሬኑ አጠገብ። አላለቀሱም። «ባለፈው አንዷ እዚያ ጉድጓድ ሞተችብኝ፤ ጫጩቶቿን ብርድ ጨረሳቸው። ይቺም ትናንት ፈለፈለች፤ ሌላ ዶሮ ደግሞ አልቀረኝም። እናት ናት ብዬ… ትንሽ ከፍ ብትል ምን ይጎዳል አልኩ። አየሩ ላይም ታችም አንድ መስሎኝ።»

ጥበቃው የባስልኤልን እጅ ፈታ። ካሣዬ ዓይኑን ከመሬት አላነሣም።

«እኔን ወዴት ነው የምትወስጂኝ?» አሉ ማናልሞሽ።

ምሕረት አጠገባቸው ተንበረከከች። «መጀመሪያ ልጅዎን ይቅበሩ።»

ሰዎች አስከሬኑን በቃሬዛ ሲያነሡ ባስልኤል በራስጌ በኩል ገባ።