አንዴ ጮኾ የሚጠፋ ስልክ

ጓጉንቸሩን ለመክፈት ናስር አንድ ደቂቃ እንኳ አልፈጀበትም። ኋላ እንቅልፍ የነሳው ይኸው ነው። አንድ ደቂቃ የማትሞላ ሥራ ነበረች።

ጊዜው የካቲት ሁለት ሺህ አራት ዓ.ም፣ አገሩ ነገሌ ቦረና፣ ቀኑ ማክሰኞ፣ ሰዓቱ ከቀኑ አሥራ አንድ። የሲሚንቶና የቆርቆሮ ነጋዴው የዓብዱልባሲጥ ሱቅ ክፍት ነው፤ ባለቤቱ ግን የለም። ሚስቱ ሱመያ ስልኩ ላይ ብትደውል፣ ጩኸቱ ከሱቁ ጀርባ ካለው የብረት ኮንቴነር ውስጥ ተሰማ። ኮንቴነሩ ደግሞ ከውጭ ተቆልፏል። ነገሌ ላይ ቁልፍ ያስቸገረው ሰው ለማን እንደሚደውል ሕፃንም ያውቃል። ናስር ባበጀው በር ሁሉ ላይ ቁጥሩን በቀይ ቀለም ይጽፋል። ተጠራ፤ መጣ፤ ከፈተ። የጋለ አየር እንደ ዳቦ ቤት ምድጃ ፊቱን መታው።

ዓብዱልባሲጥ በሩ ሥር በጎኑ ወድቋል። ሸሚዙን አውልቋል። የጓጉንቸሩ ቁልፍ ኪሱ ውስጥ፣ ስልኩ እጁ ላይ ነው። ስድሳ ዓመት የሆነው፣ የደም ግፊት ያለበት ሰው ነበር። የየካቲት ፀሐይ እንደዚያ ያለ ብረት ላይ ስታርፍ ምን እንደምታደርግ ለቆላ ሰው አይነገርም።

ሱመያ ጮኻ ሬሳው ላይ ስትወድቅ፣ ናስር ወደ ኋላ አፈገፈገና እጁን ኪሱ ውስጥ ከተተ። የራሱን ስልክ ጨበጠው። እዚያ ውስጥ የዓብዱልባሲጥ ስድስት ሚስኮል ነበር። ስድስቱንም እያየ ነው ያላነሳቸው። ያን ሰዓት አንድ ነገር ብቻ ተመኘ፤ ይህች ሴት ይህን እንዳታውቅ። አሥር ዓመት ሙሉ «ናስርዬ» እያለች የጠራችው ሴት ናት።

ነገሩ የተሰጠው ለኢንስፔክተር ሐረገወይን ነው። ሐረገወይን አጭር፣ መፋቂያ ከአፏ የማይጠፋ ሴት ናት። ስትጠይቅ የምትጠይቅ አትመስልም፤ የምታወጋ ነው የምትመስለው። እያወጋ ወጥመዷ ውስጥ የገባላት ሰው ብዛት! ረቡዕ ጠዋት መናኸሪያው ጋ ካለችው የናስር ሱቅ ሄዳ፣ ደንበኛ የሚጠብቅባት በርጩማ ላይ ተደላድላ ተቀመጠች።

ናስር የሆነውን ነገራት። ስድስት ሰዓት ተኩል ገደማ ዓብዱልባሲጥ ደወለ። ድምፁ ይቆራረጥ ነበር። «ኮንቴነር ውስጥ ነኝ፤ ከውጭ የቆለፈብኝን አላየሁም፤ ድረስልኝ» አለው። ናስር መሣሪያውን አንጠልጥሎ በእግሩ ወጣ። መንገዱን ሲያጋምስ ከማያውቀው ቁጥር ተደወለ። አንድ ወንድ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ዓብዱልባሲጥ ወጥቷል፣ አትልፋ፣ ብሎ ዘጋ። ናስርም ተመለሰ።

ሐረገወይን ለምን እንዳላጣራ ጠየቀችው። ደንበኛ ሁልጊዜ እንዲህ ነው አላት፤ በሬ ተዘጋ ብሎ አገር ያሸብርና፣ ቁልፉን ከፍራሽ ሥር ሲያገኝ «ተወው» ብሎ ይደውላል። ከአሥር ጥሪ አራቱ እንዲህ ነው የሚያልቀው።

«የደወለው ሰውዬ ጀርባ ምን ይሰማ ነበር?»

«ምንም። ጸጥ ያለ ነው። ትንፋሹ ሳይቀር ይሰማኝ ነበር።»

«ከዚያ በኋላስ ዓብዱልባሲጥ አልደወለልህም?»

ናስር ሞረዱን አነሳና መልሶ አስቀመጠው። «ባትሪዬ ሞቶ ነበር።»

ሐረገወይን ግድግዳውን ቀና ብላ አየች። ሁለት ትርፍ ባትሪ ሚስማር ላይ ተንጠልጥሏል። ሰው ስልክ ደውሎ የሚያበላው ቁልፍ ሠሪ ባትሪ ሞተብኝ ሲል መስማት ደስ አይልም። «እሺ» ብላ ብቻ ወጣች። የሟቹን ስልክ ሌሊቱን ስታገላብጥ ነው ያደረችው፤ ማን ላይ ስንቴ እንደደወለ ታውቃለች።

ከተማው ግን እንደ እሷ አይታገሥም። ከሰዓት በኋላ ወሬው ተዳርሷል፤ ከፍቶ የሚዘጋ፣ ዘግቶ የሚከፍት ከናስር በቀር ማን አለ? ሁለት ሴቶች በራቸው ላይ ያለውን ቀይ ቁጥር በሳሙና ሲፈትጉ ታዩ። የናስር ስልክ ያን ቀን አንዴም አልጮኸም። እሱ ግን የፈራው እስሩን አልነበረም።

ሐረገወይን ናስርን ከመንገድ ወደመለሰው የማይታወቅ ቁጥር ደወለች።

«አካም? ናጋ?» ብሎ በኦሮምኛ ሰላም አላት አንድ ሽማግሌ።

ኩራ የሚባሉ የሊበን ከብት አርቢ ናቸው። ማክሰኞ ወይፈን ሊሸጡ ገብተው ነበር። ተጠርተው ሲመጡ ስልካቸውን ተቀበለችና ቁልፎቹን በጥፍሯ ጫረች። ነጭ ዱቄት ወጣ። የት እንዳስቀመጡት ስትጠይቃቸው ሽማግሌው አልተደናገሩም።

«መብራት የለማ ልጄ። ወፍጮ ቤት ጄኔሬተር አለ። ጠዋት እዚያ ሰጠሁ፣ ማታ ወሰድኩ። ባትሪ ሞላ፤ ጋሪዳ፣ ደህና ነው። ደወልክ የምትይኝ ግን እኔ አልደወልኩም።»

ወፍጮ ቤቱ ከዓብዱልባሲጥ ግቢ ጋር አጥር ይጋራል። ባለቤቱ ገብረመስቀል ሃምሳ ያለፈው፣ ቅንድቡ ሳይቀር ዱቄት የለበሰ ግዙፍ ሰው ነው። ሐረገወይንን ሲያይ ዕንባው መጣ። የሃያ ዓመት ጎረቤቴ አለ፤ በአጥር ድንበር ተኳርፈን ሳንታረቅ ሞተ አለ። ዕንባው የውሸት አልነበረም። ወፍጮው ማክሰኞ ከጠዋት እስከ ማታ ሲጮህ ስለዋለ ምንም አልሰማሁም ብሎ ማለ። የሰው ስልክ የሚሞላው በስተኋላ፣ ሞተር ክፍሉ ውስጥ ነው፤ ማንም ገብቶ ሊያነሳው ይችላል አለ። ሐረገወይን ሞተር ክፍሉን አየች። ሞተሩ የሚነሳው በእጅ በሚዞር እጀታ ነው። ከጀርባው ትንሽ መስኮት አለች። ከመስኮቷ እስከ ኮንቴነሩ አራት እርምጃ ነው።

ስትወጣ በቆሎዋን ይዛ ተራ ከምትጠብቅ ዲንኪቱ ከምትባል ሴት አጠገብ ቆመች። ዲንኪቱ ማክሰኞም እዚሁ ነበረች። ወሬ ትወዳለች፤ ሐረገወይን ደግሞ ወሬ የሚወድ ሰው ትወዳለች።

«ማክሰኞ መቼም ቶሎ ፈጭተሽ ገብተሻል።»

«የት አባቱ! ስድስት ሰዓት ላይ ናፍጣ አልቋል ብሎ አጥፍቶት ሄደ። በባጃጅ ጀሪካኑን ይዞ ሲመለስ ተነሣን ስንል፣ በኋላ በር ገብቶ ቀረ። ስንጠብቅ ስንጠብቅ…»

«ምን ያደርግ ነበር?»

«እኔ እንጃ፤ ከኋላ ዱም ዱም ይል ነበር። እሱ ከገባ በኋላ ነው የጀመረው። ሞተሩን እየመታ የሚያስነሳ መስሎን ሳቅንበት። ኋላ ተነሳና ሌላ ነገር መስማት ቀረ።»

ሐረገወይን መፋቂያዋን ከአፏ አወጣችው። ለረጅም ጊዜም አልመለሰችውም።

ማታውን የሰፈሩን ሽማግሌዎች አነጋገረች። ማክሰኞ ስምንት ሰዓት ላይ ድንበሩን ሊለዩ አጥሩ ሥር ቀጠሮ ነበራቸው። ዓብዱልባሲጥ ሳይመጣ ቀረ፤ ደንቡ ደንብ ነው፣ የቀረ ሰው ቃሉ ይቀርበታል። ችካሉን በገብረመስቀል ቃል ተከሉ። ወፍጮው እየጮኸ መደማመጥ አቅቷቸው እንደነበርም አጫወቷት። ችካል ሲመቱ የነበሩት ከኮንቴነሩ አጠገብ ነው። 

ሐሙስ ጠዋት ናስርን መንገድ ላይ አገኘችው። ሁለት ቀን ያልበላ ይመስላል።

«ወደ ዓብዱልባሲጥ ስትሄድ የት እንደምትሄድ ለማን ነገርክ?»

«ለማንም።»

«ሰላም ያልከው ሰው የለም?»

«ሰላም ማለትማ…» አለ ናስር። ነገሌ ላይ ከመናኸሪያ እስከ ወፍጮ ቤት ሰላም ሳይባል የሚሄድ እብድ ብቻ ነው። ዳቦ የምትሸጠውን ቡርቱካንን ሰላም ብሏል። ሁለት ሽማግሌዎች ይዘው ስለ ዝናብ፣ ስለ ከብቱ፣ ስለ ልጆቹ ሲጠይቁት ነው ያ ስልክ የተደወለው። ከእነሱ ቀደም ብሎም ገብረመስቀል ብቻውን የተሳፈረበትን ባጃጅ አቁሞ ሰላም ብሎታል። ሁሉም የት ትሄዳለህ ብለውታል፤ ለሁሉም ተናግሯል። ይህን ሰላምታ እንጂ ወሬ ብሎ አልቆጠረውም ነበር።

በሦስተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ሐረገወይን ለቅሶ ከተቀመጠበት ዳስ ውስጥ ሱመያን፣ ናስርን፣ ገብረመስቀልን፣ ኩራን፣ ዲንኪቱንና ሽማግሌዎቹን ወደ ኮንቴነሩ ጠራቻቸው። ሱመያ ምንጣፍ ተነጥፎላት ተቀመጠች። ሁለት ፖሊሶች በሩ ላይ ቆሙ።

«ዓብዱልባሲጥን የገደለው ሙቀት ነው» አለች ሐረገወይን። «ግን ርዳታ ሲመጣለት አንድ ሰው ከመንገድ መለሰበት። ያ ሰው ናስር እየመጣ መሆኑን ማወቅ ነበረበት። ሟቹ ከናስር በቀር ለማንም አልተናገረም። ናስር ግን መንገድ ላይ ለአራት ሰው ተናገረ። ከአራቱ ማን ነው የአባ ኩራን ስልክ ማግኘት የሚችለው? ስልኩ ወፍጮ ቤት ነበር። ቡርቱካን ከዳቦዋ አልተነሣችም፤ መንገድ ላይ ያገኙት ሁለት ሽማግሌዎች ናስርን ይዘው ሰላም እያሉት እያለ ነው ስልኩ የጮኸው።»

ሁሉም ገብረመስቀልን አዩት። እሱ መሬት መሬት ያያል።

«አቶ ገብረመስቀል፣ እርስዎ ባጃጅ ላይ ነበሩ፤ አጠገብዎ ያለው ወንበር ባዶ ነበር። ናስር ጎረቤትዎ ግቢ እንደሚሄድ ነገረዎ። በዚያ ፀሐይ መሣሪያ ተሸክሞ ወደ እርስዎ ደጅ የሚሄድን ሰው ና ግባ ሳይሉ ሄዱ። እዚህ አገር ለማያውቁት ሰውም እንዲህ አይደረግም። ለምን ቀድመው መድረስ ፈለጉ?»



«ወፍጮው ቀኑን ሙሉ ሲጮህ ዋለ አሉኝ። ናስር ግን የደዋዩን ትንፋሽ ሰምቷል። ወፍጮው ጠፍቶ ነበር፤ ዲንኪቱና ተራ ጠባቂዎቹ ምስክር ናቸው። ሞተር ክፍል ገብተው የሰው ስልክ አነሱ፤ ደወሉ። ከዚያ ዱም ዱም ተሰማ። ያ ሞተር በእጀታ ዞሮ ነው የሚነሳው፤ አይመታም። የእግርዎን ኮቴ ሰምቶ ያንኳኳው እሱ ነው። ከዚያ ሞተሩን አስነሱ። ሽማግሌዎች ሊነጋገሩ መጥተው እንኳ አላጠፉትም።»  «ይህን ያህል የሚሸፍን ሰው፣ መጀመሪያም ጓጉንቸሩን የዘጋው ራሱ ነው።»

ገብረመስቀል መሬት ላይ ተቀመጠ።

«ሁለት ሰዓት ብቻ ነው ያልኩት» አለ። «በእግዚአብሔር ስም፣ ሁለት ሰዓት ብቻ። ጓጉንቸሩ ተንጠልጥሎ አየሁት፣ እሱ ውስጥ ሆኖ ሲሚንቶ ይቆጥራል። ለስምንት ሰዓቱ ቀጠሮ እንዳይደርስ ብዬ ጠቅ አደረግኩት። ሽማግሌዎቹ ከሄዱ በኋላ ሄጄ ጠራሁት። አልመለሰልኝም። ቁልፉ ደግሞ እሱ ጋ ነው። ናስርን ልጥራው ብል… እጄ እምቢ አለኝ።»

ፖሊሶቹ ሲያነሱት ማንም አልሰደበውም። አንዱ ሽማግሌ ወደ አጥሩ ሄደው፣ ማክሰኞ የተከሉትን ችካል እየነቀሉ ይጥሉ ጀመር።

ነገሩ እዚያ ላይ ሊያልቅ ይችል ነበር። ሐረገወይን ደብተሯን አጥፋለች። ሱመያም ወደ ናስር ዞራ፣ ሰው ስምህን ሲያጠፋ እኔ አላመንኩም፣ አላህ ይስጥህ አለችው። ይህን ጊዜ ናስር ከምንጣፏ ጠርዝ ላይ ተቀመጠ።

«እትዬ ሱመያ፣ ባትሪዬ አልሞተም ነበር» አለ። «ከተመለስኩ በኋላ ስድስት ጊዜ ደወለ። አንዴ ይጮህና ይጠፋል። ሚስኮል መሰለኝ። ደንበኛ በኔ ካርድ ሊያወራ ሲፈልግ እንዲህ ያደርገኛል። ወጥቷል ተብያለሁ፤ ሊያመሰግነኝ ከሆነ በራሱ ካርድ ያመስግነኝ ብዬ፣ እያየሁት ተውኩት።»

 ሐረገወይን ቀስ ብላ፣ ሚስኮል አልነበረም አለች። ትናንት ኮንቴነሩ ውስጥ ገብታ ሞክራዋለች። ከላይ ዝገት የበላው ቀዳዳ አለ፤ ከዚያ ሥር ቆሞ የደወለ ያወራል። ከወለሉ ከሆነ ግን አንዴ ጠርቶ ኔትወርኩ ይቆረጣል። የመጀመሪያውን የደወለው ቆሞ ነው። ከዚያ በኋላ መቆም አልቻለም።

ናስር ፊቱን በእጁ ሸፈነ። ርግማኑን ጠበቀ፤ እንዲያውም ቶሎ በመጣልኝ አለ በልቡ።

 ሱመያ ሐረገወይንን አየቻት። ሐረገወይን ዓይኗን ሰበረች፤ በሟቹ ስልክ ላይ ያለውን ሌላ ቁጥር ሦስቱንም ቀን ለማንም አልነገረችም፤ ለፍርድ የሚሆን ነገር ስላልነበረው።

«ለኔም ደውሏል» አለች ሱመያ። «ሞባይል ከገዛን ጀምሮ ሁልጊዜ ምሳ ሰዓት ላይ አንዴ ያስጮኸውና ይዘጋዋል። መጣሁ፣ አቅርቢ ማለቱ ነው። ማክሰኞ ሦስት ጊዜ አስጮኸው።» መሐረቧን እጇ ላይ ጠመጠመችው። «ዛሬስ በጣም ርቦታል ብዬ ሳቅሁ፤ ወጡን አሙቄ፣ ማዕዱን ዘርግቼ ተቀመጥኩ።»